ከፎርኩ የሚያመልጠው ንፋስ

አዲሱን ማውንቴን ብስክሌት ከሱቁ አውጥቼ መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ ቤቴ አይደለም። አብነት ሰፈር አጠገብ ወዳለው የአባቴ ጎሚስታ ቤት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው መድረቅ የጀመረበት ሰሞን ነበር። እየነዳሁት መሄድ ስችል አልተቀመጥኩበትም፤ በተሸካሚና በጋሪ መሀል እያሽሎከለኩ፣ "ዞር በሉ፣ ዞር በሉ" እያልኩ ገፍቼ አደረስኩት። ጎማው ላይ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ የፋብሪካ የጎማ ክሮች ገና አልረገፉም። አባቴ እነሱን ሳይረግፉ እንዲያያቸው ፈልጌ ነው። ለሌላ ሰው ምንም አይደሉም፤ እሱ ግን ደስ እንደሚለው አውቃለሁ።

አባቴ ዕድሜውን ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው። ከጎጃም በለጋነቱ መጥቶ እህል በረንዳ ጆንያ ተሸክሟል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያውን ለመደ፣ ቆይቶም የራሱን የቆርቆሮ ቤት ከፈተ። እኔንና ወንድሞቼን ያሳደገን ያ ቤት ነው። እኔ አሁን መርካቶ ውስጥ መጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ከሱቄ እስከ እሱ ቤት በእግር ቅርብ ነው። ቅርብ ስለሆነም ይመስለኛል፣ ብዙ ጊዜ አልሄድም ነበር። ነገ ይደረሳል እያልኩ።

ሾፌሮች አባቴን የሚወዱት በጆሮው ነበር። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣለት ውሃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ያዳምጠዋል። ፊቱን አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ በእጁ መሀል ቀስ እያደረገ ያዞራል። "እቺ ጋ ናት" ይልና በጠመኔ ይከብባታል። ልጅ ሆኜ ጎማ ላይ ተቀምጬ ስመለከተው ጎማው የሆነ ነገር በሹክሹክታ የሚነግረው ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ብስክሌቱን በሩ ላይ ሳቆመው እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው፣ አባዬ።"

"ያንቺ?" ጎንበስ ብሎ የፊተኛውን ጎማ ደባበሰው። "እዪው፣ ፀጉሩ እንኳ አልተነካም! ይሄ ፊቱ ላይ ያለው ወፍራም ብረትስ ምንድን ነው?"

"ፎርክ ይሉታል። ጎማውን በሁለት እግር የሚይዘው ነው። ጉድጓድ ሲያገኝ ሰምጦ ይመለሳል፣ እጅን እንዳይመታ። ውስጡ ሞላ የለውም። በንፋስ ነው የሚሠራው።"

"በንፋስ?" ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ። "እንግዲያው የኔ ሥራ ነዋ!"

ያን ሳቁን አስታውሰዋለሁ። ጎረቤቱን ብየዳ ሠሪ ሳይቀር ጠርቶ ፎርኩን በእጁ እየተጫነ አሳየው።

የመጀመሪያው እሁድ አልተሳካም። እሁድ እሁድ አብሬያቸው ከምነዳው ቡድን ጋር እንጦጦ ወጥቼ፣ በባሕር ዛፉ መሀል ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ያዝኩ። የብስክሌቱ ፊት ተንበርክኮ ቀረ። ፎርኩ እስከ መጨረሻው ሰምጦ "ጓ!" አለና ወደ ፊት ወረወረኝ። አልወደቅኩም፤ ደረቴ ግን ከመሪው ጋር ተላተመ። ከቡድኑ አንዷ፣ ስለ ብስክሌት ከሁላችንም የበለጠ የምታነብ ጓደኛዬ፣ አጠገቤ ቆመችና ፎርኩን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው።

"ንፋስ የለውም እኮ። ማን ሞላልሽ?"

ከቦርሳዋ መለኪያ ያላት ትንሽ ፓምፕ አውጥታ በክብደቴ ልክ ሞላችልኝ። መውረዱ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። ድንጋዩ ሁሉ ከስሬ ይቀልጣል። በማግስቱ ጠዋት ግን ብስክሌቱን ከግድግዳው ሳነሳው ፎርኩ እንደገና ላልቷል። የሸጠልኝን ሰው ደወልኩለት፤ "አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ ሲነዳ ይስተካከላል" አለኝ። አልተስተካከለም።

በምሳ ሰዓት ወደ አባቴ ወሰድኩት። አብረን የሠራነው የመጀመሪያ ሥራ ብልሹ ነበር። የፎርኩ ንፋስ መሙያ ከመኪና ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ያንን ሲያይ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ሳበና ሰካው። ዓይኔን ሳርገበግብ ፎርኩ እንደ እንጨት ደረቀ።

"አባዬ፣ በቃ! በቃ! ይፈነዳል!"

"ምን ይፈነዳል፤ ጠነከረልሽ አይደል?"

"የጭነት መኪና ጎማ እኮ አይደለም! የሚይዘው አንዲት ስኒ የምታህል ንፋስ ነው።"

ቱቦውን ነቅሎ በጥፍሩ ቫልቩን ተጭኖ አስተነፈሰው። ትንሽ አፍሮ ነበር። "የስኒውን ነገር ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አለኝ።

በማግስቱ ከጓደኛዬ ፓምፑን ተውሼ መጣሁ። ያን ቀን ደግሞ ሌላ ነገር አጋጠመን። ሞልተን፣ ቁጥሩን አይተን፣ ፓምፑን ስንፈታው "ጢስ" ይላል። እንደገና ስንገጥመውና ስንለካው ቁጥሩ ወርዷል። እንሞላለን፣ እንፈታለን፣ እንለካለን፤ ይወርዳል። አባቴን ላብ አጠመቀው። "ይሄ ሰይጣን አለበት" አለ። በመጨረሻ ለጓደኛዬ ስደውልላት ሳቀችብኝ።

"ሲፈታ የሚተነፍሰው የፓምፑ ቱቦ ነው እንጂ ፎርኩ አይደለም። ስትለኪው ደግሞ ቱቦው ባዶ ስለሆነ ለራሱ ከፎርኩ ይጠጣል። በለካሽ ቁጥር እያጎደልሽው ነው።"

ለአባቴ ጮክ ብዬ ስነግረው ጉልበቱን መታ። "እኛው ራሳችን እየሰረቅነው ነው በይኛ! ሌባውን ፍለጋ ስንዞር!" ተሳሳቅን። ሻይ አዘዘልኝ። ወደ ሱቄ ዘግይቼ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ አንድ ሌላ ነገር እንድንሞክር ነገረችኝ። ፎርኩ የተገጣጠመው በባሕር ጠረፍ በሚገኝ አገር ነው፤ እዚያ ታችኛው እግሩ ውስጥ የታፈነው አየር እኛ ከፍታ ላይ ሲደርስ ያብጣል፣ ፎርኩንም ያደርቀዋል። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በእግሩ አፍ ላይ ባለው የላስቲክ ማሸጊያ፣ በጎሚኒው ሥር፣ በቀስታ ሰክቶ ያንን አየር ማስወጣት ነው። ከምንፈልገው ችግር ጋር አይገናኝም፤ ግን ይሞከር አልን።

"ምንድን ነው የሚወጣው?" አለኝ አባቴ ማሰሪያውን ይዞ።

"የባሕር ጠረፍ አየር ነው።"

"የባሕር ዳር አየር?"

"የባሕር ጠረፍ!"

"የባሕር ዳር ከሆነማ ዘመዴ ነው፤ ቀስ ብለን እናውጣው" አለ። ቀልዱን ወደድኩለት። ማሰሪያውን ሲሰካው ፎርኩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና በእጃችን ሥር ለሰለሰ። ሁለታችንም ያሳካነው መስሎን ነበር።

እነዚያ የምሳ ሰዓቶች ጥሩ ነበሩ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ ወዲህ ከአባቴ ጋር ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም። ድሮ ስለተሸከመው ጆንያ፣ ስለ ቀጣሪው ሽማግሌ፣ ስለ እናቴ ያላወቅኳቸውን ነገሮች ነገረኝ። እኔም የማልነግረውን ነገር ነገርኩት። አንዳንዱን ደጋግሜ ነበር የምነግረው፤ ከውጭ የሚመጣው ጩኸት ነው ብዬ። የመርካቶ በር ላይ ተቀምጦ ማን ማንን በአንድ ጊዜ ይሰማል?

ፎርኩ ግን ንፋሱን መጣሉን አልተወም። ይባስ ብሎ ከቀን ወደ ቀን ፈጠነ። በሳምንቱ መጨረሻ ሞልቼው ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ መላላት ጀመረ። ጓደኛዬ በስልክ "ውስጡ ያለው ጎሚኒ ተቆርጦ ይሆናል፣ ካልሆነም ቫልቩ ነው፤ መጀመሪያ ቫልቩን እዪ" አለችኝ።

የዚያን ቀን እኛ ከመጀመራችን በፊት አንድ የሚኒባስ ሾፌር ጎማ እያንከባለለ መጣ። የድሮ ደንበኛ ነው።

"ጋሼ፣ ትናንት የሠሩልኝ ጎማ ዛሬም ተነፈሰ እኮ።"

"ሌላ ሚስማር ወግተህ ነው።"

"ኧረ አልወጋሁም። ባለፈውም እንዲሁ ነበር።"

"የዘንድሮ ማጣበቂያ ነው እንግዲህ፣ አይረባም" አለው አባቴ። "ተቀመጥ፤ የልጄን ልጨርስና አይልሃለሁ።"

ሾፌሩ አጠገባችን ቁጢጥ አለ። እኔ ሞላሁና ፓምፑን ፈታሁ። ልክ ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ፤ የብየዳው ቤት ዝም አለ፤ ማዶ ያለው የሙዚቃ ሱቅም ዝም አለ። መንገዱ ጨርሶ ጸጥ አይልም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ፎርኩ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። "ስስስስ" የሚል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ።

አባቴ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። እንደ ድሮው ፊቱን አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ቫልቩ ላይ ሊያስነካው ጥቂት ቀረው። ጠበቅኩ። "እቺ ጋ ናት" እስኪል ጠበቅኩ።

"ከዚህ አይደለም" አለ ቀና ብሎ። "ይሄ ደህና ነው።"

ሾፌሩ ሳቅ አለ። "ኧረ ጋሼ! ይኸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል እኮ።"

"ምኑ?"

ሾፌሩ የተናገረውን መልሶ መዋጥ የፈለገ ይመስል ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አባቴ ሌላኛውን ጆሮውን አስጠጋ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳይቃና፣ ከታች ወደ ላይ አየኝ።

"አንቺስ? ትሰሚዋለሽ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"አሁን? አሁንም እየተነፈሰ ነው?"

"አዎ።"

ሌላ ምን ማለት እችል ነበር? እስከዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አልሰማም ብለው ሾፌሩ አለ፤ አንድ ነገር ብዬ ነገሩን ባስቀይሰው ቀኑ ይገፋ ነበር እንጂ አይቀርም ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ያ "አዎ" ከአፌ ሲወጣ የአባቴ ፊት የሆነውን ሳስታውስ፣ ምነው ያን ቀን መብራቱ ባልጠፋ እላለሁ።

"እስቲ ሳሙና አምጪ" አለኝ።

በጣሳ ሳሙና በጠበጥኩ። በጣቱ ቫልቩ ላይ ቀባው። ወዲያው አንዲት አረፋ አበጠች፤ አደገች፤ ፈነዳች። ሌላ ተተካች። አባቴ ቁጢጥ እንዳለ አረፋዎቹን ያያቸው ጀመር። እኔ አረፋውን ሳይሆን እሱን ነበር የማየው። የጎማ እድፍ የደረበበት ጥቁር እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ተነሳ። ከመሳቢያው የቫልቭ መፍቻውን አውጥቶ አስገባና ቫልቩን ጥቂት አጠበቀው። ፋብሪካው በደንብ ሳያጠብቀው ቀርቶ ነበር እንጂ ምንም አልተበላሸም። ያ ሁሉ ስንደክምበት የሰነበትነው ነገር ከሩብ ዙር አይበልጥም። ሳሙናውን ደግሞ ቀባ፤ አረፋ የለም።

"አለቀ" አለ። ወደ ሾፌሩ ዞረ። "ጎማህን አምጣ። በውሃ እናየዋለን።"

ከመነዳሪውን በእጅ ፓምፕ ሞልቶ በርሜሉ ውስጥ ነከረው። አባቴ የለጠፈው ቦታ ደህና ነው። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ግን ሌላ ቀዳዳ አረፋውን ያንደቀድቃል፤ ያላገኘው ቀዳዳ። አደረቀው፣ ፈገፈገው፣ ለጠፈው። ሲጨርስ "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ" አለው ሾፌሩን።

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው! እርስዎን ነው ይቅርታ የማስጠይቀው?" አለ ሾፌሩ ተደናግጦ። ጎማውን ይዞ ሲሄድ እኔን በዓይኑ ሸሸኝ።

ያን ምሽት ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ ቀድሞ ተኝቷል። ለእናቴ የሆነውን ስነግራት አልደነቃትም። ምስር እየለቀመች ነበር።

"እኔማ ካወቅኩት ቆየሁ" አለችኝ። "በር ሲንኳኳ አይሰማም። ከኋላው ስጠራው አይዞርም። ታዲያ ምን ልበለው? ያ ቤት እኮ ሕይወቱ ነው። እሱ ሳይነግረኝ እኔ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?"

"እሱስ ያውቅ ነበር?"

"ማወቁንማ ያውቃል። ያላወቀው ሰው ማወቁን ነው።"

ያን ጊዜ የባሕር ዳሩ ቀልድ ትዝ አለኝ። ቀልድ አልነበረም። "ባሕር ዳር" ነው የሰማው፤ እንዳልሰማ ሲገባው ወደ ቀልድ አዞረው። ስንቱን እንዲህ ሲያዞረው ኖሯል? እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እየሳቅኩለት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ከረጅም ዘመን የኮምፕሬሰርና የመዶሻ ጩኸት የመጣ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ በመሣሪያ ግን ይታገዛል አሉን። መሣሪያውን አስገጠምንለት። ቤት ውስጥ ትንሽ ረዳው። ወደ አብነት ይዞት ሲሄድ ግን የታክሲ ረዳቱም፣ ክላክሱም፣ ብየዳውም አንድ ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ገቡ። "የመርካቶን ሰው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ አስገባችሁብኝ" አለና አውልቆ ኪሱ ከተተው።

"አባዬ፣ ለምን በውሃ ብቻ አትሠራም? ሁሉም ጎሚስታ በውሃ አይደል የሚያየው?" አልኩት።

"በውሃማ ማንም ያየዋል" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ልክ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ቀለል አድርጎ ነው ያለው።

ለጥቂት ጊዜ ሞከረ። ጠዋት ይከፍታል፤ ግን ጎማ ይዞ የሚመጣውን ሰው ፊት እያየ ነበር የሚሠራው። ስለ ጆሮው ያወሩ እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። ያ ሾፌር ለማንም እንዳልተናገረ እምላለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው። አባቴ ግን ሁለት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሲያወራ የራሱን ነገር የሚያወሩ ይመስለው ጀመር። የገና በዓል ሳይደርስ ቤቱን ለመዝጋት ወሰነ። ኮምፕሬሰሩን ሌላ ጎሚስታ ወሰደው። ሊጭኑት የመጡት ሰዎች ሲያነሱት "ከዚህ በኩል ያዙ፣ ያ እግሩ የላላ ነው" እያለ አብሯቸው እስከ መኪናው ሄደ። እኔም ነበርኩ። መኪናው ከሄደ በኋላ የቆመበት የሲሚንቶ ወለል ላይ የነበረውን ዘይት በአሮጌ ጨርቅ ሊጠርግ ተንበረከከ። "ተወው፣ አባዬ" አልኩት። አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶኝም ይሆናል።

ብስክሌቴ ከዚያ ወዲህ እንከን አላየሁበትም። የሞላሁት ንፋስ ለረጅም ጊዜ አይጎድልም። እሁድ እንጦጦ ላይ ቁልቁል ስወርድ ፎርኩ ድንጋዩን እየዋጠ፣ እንደፈለግኩት ይሰምጣል፣ እንደፈለግኩት ይነሳል። ጓደኛዬ "ምርጥ ሆኖልሻል" ትለኛለች። አዎ፣ ሆኖልኛል። አንዳንዴ ሲሰምጥና ሲነሳ ደስ እያለኝ ድንገት ያ ደስታ ይጎመዝዘኛል። ብስክሌቱን የወሰድኩለት ላስደስተው ነበር። ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ብወስደው ኖሮ፣ ያ ሰው በሳሙና አይቶ፣ አጥብቆ፣ ሸኝቶኝ ነገሩ ያልቅ ነበር። አባቴም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ጎማ እያዳመጠ፣ ያልሰማውን እየገመተ፣ በማጣበቂያው እያመካኘ ይቆይ ነበር። ለደንበኞቹ ደግ አይደለም። ግን ለእሱ?

ሌላም የሚቆጨኝ አለ። ያ ፎርክ ተስተካክሎ ባያልቅ ኖሮ፣ ምሳ ሰዓቱን አብረን እናሳልፍ ነበር። ስለ እህል በረንዳ የጀመረልኝን አንድ ታሪክ አልጨረሰልኝም። ጆንያ ወድቆበት፣ እናቴ ገና የማታውቀው ልጅ ሆና፣ አንድ ነገር ብላው ነበር። ምን እንዳለችው ሊነግረኝ ሲል ደንበኛ መጣ።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በብስክሌት ወላጆቼ ዘንድ እሄዳለሁ። አባቴ ቴሌቪዥኑን አስጩኾ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ግድግዳውን ይመታል፤ እናቴ ትነሳና ትቀንሰዋለች፤ እሱ ይጨምረዋል። ይሻላል በሚባለው በግራ ጆሮው በኩል እቀመጣለሁ። ስለ ሱቁ፣ ስለ እሁዱ ጉዞ፣ ስለ መንገዱ አወራለታለሁ። ያን ታሪክ እንዲጨርስልኝ አንድ ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

"አባዬ፣ ያኔ ጆንያው ሲወድቅብህ እማዬ ምን አለችህ?"

ፈገግ ብሎ ያየኛል። ራሱን ይነቀንቃል።

"ጎሽ፣ ልጄ" ይለኛል። "ጎበዝ። እግዚአብሔር ይመስገን።"

ጥያቄውን ልደግመው አፌን እከፍታለሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና ታየኛለች። አንዳንድ ቀን እደግመዋለሁ። አብዛኛውን ቀን ግን እኔም "ይመስገን" እለውና ቴሌቪዥኑን አብረን እናያለን።